አየር ማጣሪያው ለአባቴ ልብ ይጠቅማል?

«አባቴ 67 ዓመታቸው ነው። የደም ግፊት ካለባቸው ቆይቷል፤ አምና ደግሞ ሐኪማቸው የልብ ደም ሥራቸው ጠቧል ብሎ ተጨማሪ መድኃኒት አዘዘላቸው። ቤታችን አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከቀለበት መንገዱ ብዙም ያልራቀ ነው። እንጀራ የምንጋግረው በኤሌክትሪክ ምጣድ ቢሆንም ወጡና ቡናው በከሰል ነው፤ ማድ ቤቱም ከሳሎኑ ጋር የተያያዘ ነው። ቨርጂኒያ የሚኖረው ወንድሜ አየር ማጣሪያ ለልብ ጥሩ እንደሆነ አንብቦ ገዝቶ ሊልክልን አስቧል። አባቴ ዕቃው ከመጣ መድኃኒቱን ለመቀነስ ተስፋ አድርገዋል። እናቴ በበኩሏ ስለ ጭስ ወሬ በተነሣ ቁጥር ‹በዚህ ዕድሜዬ ቡናዋ ሰው ጎዳ ልባል?› እያለች ይከፋታል። ማጣሪያው ይምጣ ወይስ ይቅር?»

ሰ. ከአዲስ አበባ

ውድ እህቴ ሰ.፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ መድኃኒቱ ልናገር፤ ደብዳቤሽን ሳነብ የደነገጥሁት እዚያ ላይ ነው። ማጣሪያው ቢመጣም ባይመጣም አባትሽ አንዲት ክኒን እንኳ በራሳቸው ፈቃድ መቀነስ የለባቸውም። የደም ግፊት መድኃኒት ሲቋረጥ ግፊቱ ተመልሶ ይወጣል፤ አንዳንዱን መድኃኒት በድንገት መተው ደግሞ ከቀድሞው የባሰ ግፊት ያስከትላል። የልብ ደም ሥሩ ለጠበበ ሰው ይህ ሕይወት የሚያስከፍል ነገር ነው። መጠኑን የመለወጥ ሥልጣን ያለው የሚከታተላቸው ሐኪም ብቻ ነው። ይህን ዛሬውኑ ንገሪያቸው፤ የቀረውን ምክሬን ነገ ብታነቢውም አይጎዳም።

ጭስ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው የሚያቃጥለውን ዓይንና የሚያስለውን ደረት ነው። ልብን የሚያገኘው ግን በዓይን የማናየው ክፍሉ ነው። ከከሰል፣ ከእንጨት፣ ከዕጣንና ከመኪና ጭስ ውስጥ ስፋታቸው ከ2.5 ማይክሮ ሜትር የማይበልጥ ብናኞች ይወጣሉ። የአንድ ጸጉር ውፍረት ከ50 እስከ 70 ማይክሮ ሜትር ገደማ መሆኑን ካሰብሽ ደቃቅነታቸው ይገባሻል። አፍንጫና ጉሮሮ አያስቀራቸውም፤ እስከ ሳንባ የመጨረሻዎቹ የአየር ከረጢቶች ይዘልቃሉ። እዚያ የሚነሣው መቆጣት በደም በኩል ወደ መላው አካል ይዛመታል። የደም ሥሮች እንደሚገባ መስፋት ያቅታቸዋል፣ ደም ለመርጋት ይፈጥናል፣ ልብን የሚያዝዙት ነርቮች ይታወካሉ፣ ግፊት ይጨምራል። ይህ ሁሉ ዓመታት አይጠብቅም። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው መግለጫ ከሰዓታት እስከ ሳምንታት ለሚደርስ ጊዜ እነዚህን ብናኞች መተንፈስ ድንገተኛ የልብ ሕመምንና ሞትን ሊቀሰቅስ እንደሚችል አስታውቋል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በ2020 ብቻ ከቤት ውስጥ ጭስ ጋር በተያያዘ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደ ሞቱ ይገምታል። ከእነዚህ ውስጥ 32 ከመቶው የሞቱት በልብ ደም ሥር በሽታ፣ 23 ከመቶው በስትሮክ ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን የገደለው እንግዲህ የደም ሥር በሽታ ነው።

ስለዚህ ወንድምሽ ያነበበው ከንቱ ወሬ አይደለም። ምናልባት ያየው በ2025 የወጣውን የሶመርቪል ጥናት ይሆናል። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ከትልቅ አውራ ጎዳና አጠገብ በሚኖሩ ሰዎች ቤት ለአንድ ወር ደቃቅ ብናኝን የሚይዝ፣ ሄፓ የተባለ ማጣሪያ እንዲሠራ ተደረገ። የላይኛው የግፊት ቁጥራቸው ከ120 በላይ የነበረ ሰዎች በአማካይ በ3 ቁጥር ገደማ ወረደላቸው፤ ግፊታቸው ደኅና የነበረው ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላገኙም። በ2018 የታተመው የዲትሮይት ጥናት ለአባትሽ ይበልጥ ይቀርባል። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች በተሠራ ሕንፃ ውስጥ የሚኖሩ 40 አረጋውያን የተለመደ ኑሯቸውን እየኖሩ ለሦስት ሦስት ቀን ብቻ ማጣሪያ ተገጠመላቸው፤ በዚያች አጭር ጊዜ የላይኛው ግፊታቸው በ3.2 ቀነሰ። በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ደግሞ እንጨት እየነደደ በሚሞቅበት አካባቢ ለሰባት ቀን የሠራ ማጣሪያ የቤቱን ደቃቅ ብናኝ በ60 ከመቶ ቀንሶ የደም ሥሮችን አሠራር አሻሽሏል። እነዚያ ሰዎች ጤነኞች ነበሩ፤ የእንጨት ጭስ ጤነኛን ሰው እንኳ እየነካ እንደ ነበር ያሳያል።

አሁን ይህን በመጠኑ እንመዝነው። አንድ የደም ግፊት መድኃኒት በተለመደው መጠን ሲወሰድ የላይኛውን ቁጥር በአማካይ በ9 ገደማ ያወርዳል። ማጣሪያው በ3 ካወረደ በመድኃኒቱ ላይ የሚጨመር እርዳታ ነው፤ መድኃኒቱን የሚተካ አይደለም። ጥናቶቹም አጫጭር ናቸው። የለኩት ግፊትንና የደም ሥርን አሠራር እንጂ ስንት ሰው ከድንገተኛ የልብ ሕመም እንደ ተረፈ አይደለም። እንዲህም ሆኖ ልቡ ለታመመ ሰው 3 ቁጥር የሚናቅ አይመስለኝም። ማጣሪያ ይግባ ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ተራው ግን ከሰሉ ቀድሞ ከወጣ በኋላ ነው።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ዲትሮይት ውስጥ ማጣሪያ ሳይገጠም በፊት የነበረው ብናኝ በሜትር ኩብ 15 ማይክሮ ግራም ገደማ ነበር፤ የተሻለው ማጣሪያ ያንን ወደ 7 አወረደው። አየር በደንብ በማይዘዋወርበት ቤት ከሰል ወይም እንጨት ሲነድ ግን መጠኑ በብዙ መቶዎች ይቈጠራል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከሚፈቀደው እስከ 100 እጥፍ ሊደርስ እንደሚችል ይገልጻል። ከዚያ ላይ ግማሹን ብትቀንሽለት የቀረው ከአባትሽ ልብ አቅም በላይ ነው። ማንደጃው ሳሎን አጠገብ እየነደደ ማጣሪያ ማሠራት ጣሪያው እያፈሰሰ ወለል መወልወል ይሆናል። የማጣሪያው ክርታስም በሳምንታት ውስጥ ጥላሸት ለብሶ ይደፈናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የእናትሽ ደም ግፊት ለመጨረሻ ጊዜ የተለካው መቼ ነው? በደብዳቤሽ ውስጥ ስለ አባትሽ ዕድሜ፣ ሕመም፣ ክኒንና ተስፋ ተጽፏል፤ ስለ እናትሽ የተጻፈው መከፋታቸው ብቻ ነው። አባትሽ ሳሎን ተቀምጠው የሚደርሳቸው ጭስ፣ እናትሽ ማንደጃው ላይ ጎንበስ ብለው የተነፈሱት ትርፍ ነው። ሽንኩርት ሲቁላላ፣ በርበሬው ሲገባ፣ ከሰሉ ሲራገብ፣ ቡናው ሲቆላ፣ ፊታቸው ከእሳቱ ያለው ርቀት የክንድ ያህል ነው። ይህን ስንት ዓመት ሠሩት? በአገራችን ቤት ውስጥ በሽተኛ የሚባለው አልጋ የያዘው ሰው ነው። ቆሞ የሚያገለግለውን ማንም አይመረምረውም፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል። በጓቴማላ ተራራማ መንደሮች የተደረገ አንድ ጥናት አለ። ከ38 ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ክፍት እሳት ላይ የሚያበስሉ ሴቶች ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ሲሠራላቸው የታችኛው ግፊታቸው በ3 ገደማ ወረደ፤ የላይኛውም ወደዚያው አዘነበለ። መድኃኒት አልተጨመረላቸውም፣ የኤሌክትሪክ ዕቃም አልተገዛላቸውም፤ ጭሱ መውጫ ስላገኘ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከእናትሽ ጋር የምታደርጊው ንግግር «ጭስሽ አባባን ጎዳብን» በሚል ክስ አይጀምር። እውነቱም እሱ አይደለም። ጎረቤት በሌለበት ሰዓት ብቻችሁን ሆናችሁ ስለ ራሳቸው ሳንባና ልብ አንሺባቸው። ቡናው እንደማይቀር፣ የሚለወጠው እሳቱ ብቻ እንደሆነ ንገሪያቸው። ጀበናው በኤሌክትሪክ ምድጃም ይፈላል፤ ረከቦቱ፣ ቄጠማው፣ ቁርሱ፣ አቦል፣ ቶናና በረካው ባለበት ይቆያል። መብራት ሲጠፋ ወይም ለዓመት በዓል ከሰል ግድ ከሆነ በረንዳ ላይ ይያያዝ፤ ፍሙ ቀልቶ ጭሱ እስኪያልቅ ድረስ ቤት አይግባ። አብዛኛው የሚታይ ጭስ የሚወጣው በዚያች የማያያዣ ሰዓት ነው። ለማቀጣጠያ ፌስታልም ሆነ ላምባ አይነካ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚያወጣው መርዝ ከከሰሉ ጭስ የከፋ ነው። ቡናው የሚቆላውም ደጅ ቢሆን መልካም ነው። የተቆላው ቡና ወደ ቤት ገብቶ ዞር ዞር ቢል ጠረኑ ሁሉንም ይደርሳል።

ዕጣኑ ግን እውነቱ መነገር አለበት። በሲንጋፖር ከ60 ሺህ በላይ ሰዎችን ለብዙ ዓመታት የተከታተለ ጥናት ቤት ውስጥ ዕጣን የሚያጨሱ ሰዎች በልብና በደም ሥር በሽታ የመሞት ዕድላቸው ከማያጨሱት በ12 ከመቶ ገደማ ከፍ ብሎ አግኝቶታል። የእነሱ ዕጣን በእንጨት ላይ የተለበጠ ነው፣ የእኛ ከዛፍ የተለቀመ ሙጫ ነው። ፍም ላይ ሲወድቅ የሚወጣው ግን ያው ደቃቅ ብናኝ ነው። እናትሽ ዕጣኑን ጨርሶ ይተዉ አልልም። ቁንጥር ይሁን፣ መስኮት ተከፍቶ ይሁን፣ ማጨሻው ከአባትሽ መቀመጫ ርቆ በር አካባቢ ይቀመጥ። በየቀኑ የነበረውም ለእሑድና ለበዓል ይቆይ። ይህን አባትሽ ራሳቸው ቢጠይቁ ደግሞ ከልጅ አፍ ከሚሰማ ይልቅ ይቀላል።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ይህን ለወንድምሽም አሳልፊለት። ማጣሪያ ካርቦን ሞኖክሳይድን አይዝም። ፍሙ የቀላ፣ ጭስ የማይታይበት ከሰል ንጹሕ ይመስላል፤ ሽታና ቀለም የሌለውን ይህን ጋዝ ግን ያለማቋረጥ ይለቃል። ጋዙ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ያመጣል፤ ከዚያ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይቀራል። በየክረምቱ በብርድ ምክንያት ማንደጃ መኝታ ቤት አስገብተው በር ዘግተው ያደሩ ቤተሰቦችን መርዶ እንሰማለን። የአባትሽ ልብ በቂ ደም የማያገኝ ልብ ስለሆነ ለሌላው ሰው ራስ ምታት የሚሆነው መጠን ለእሳቸው የደረት ሕመም ሊሆን ይችላል። ማጣሪያ አለን ብላችሁ በሩን ዘግታችሁ ከሰል አጠገብ እንዳትቀመጡ። ካርቦኑን የሚያወጣው የተከፈተ መስኮት ብቻ ነው።

ከሰሉ ከወጣ በኋላ ወደ ማጣሪያው እንመለስ፤ ያን ጊዜ ዋጋ ይኖረዋል፤ የሚቀረው ከመንገድ የሚገባው አየር ነውና። የአዲስ አበባ አየር የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ለዓመት አማካይ ካስቀመጠው የ5 ማይክሮ ግራም ወሰን በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ቀለበት መንገድ አጠገብ ያለ ቤት ደግሞ የናፍጣውን ድርሻ ይጨምራል።

ወንድምሽ ከቨርጂኒያ ገዝቶ አይላክ። እዚያ የሚሸጠው ዕቃ የተሠራው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ገዝቶ ሌሊቱን ሙሉ ማሠራት ደግሞ ሌላ ወጪና ሌላ ሙቀት ነው። ገንዘቡን ይላክና በ220 ቮልት የሚሠራ እዚሁ ይገዛ፤ ወይም ዱባይ የሚመላለስ ዘመድ ካላችሁ ከዚያ ይምጣ። ካርቶኑ ላይ «ሄፓ» የሚል መኖሩን አረጋግጪ። እውነተኛው ሄፓ 0.3 ማይክሮ ሜትር ከሆኑ ብናኞች 99.97 ከመቶውን ይይዛል፤ «ሄፓ መሰል» የሚለው ግን ምንም ቃል አይገባም። አዮን ወይም ኦዞን እረጫለሁ የሚለውን አትግዢ። ኦዞን ራሱ ሳንባን የሚያስቆጣ ጋዝ ነው፤ ለልብ በሽተኛ ቤት የሚገባ ነገር አይደለም።

መጠኑን እንዲህ አስቢ። የአባትሽ መኝታ ቤት 4 በ3.5 ሜትር ሆኖ ከፍታው 2.8 ቢሆን ወደ 39 ሜትር ኩብ አየር አለው። ያ አየር በሰዓት አምስት ጊዜ እንዲጣራ ከተፈለገ ማሽኑ በሰዓት 200 ሜትር ኩብ ንጹሕ አየር የሚሰጥ መሆን አለበት፤ ቁጥሩ ማሽኑ ላይ ወይም መመሪያው ላይ ይጻፋል። ለሳሎኑ አታስቢ፤ በሩ ሁልጊዜ ክፍት የሆነ ሰፊ ቤት ውስጥ አንድ ማሽን ይደክማል። ሰው በአንድ ቦታ ሰባትና ስምንት ሰዓት ሳይነሣ የሚቆየው መኝታው ላይ ነው። ከመተኛታቸው አንድ ሰዓት ቀደም ብለሽ በከፍተኛው አስነሺው፤ ከዚያ ድምፁ እንቅልፍ በማይነሣ ደረጃ ይደር። በሩና መስኮቱ ይዘጋ፣ ማሽኑ ከመጋረጃና ከግድግዳ ራቅ ይበል። ስለ መብራት ቆጣሪ አትጨነቂ፤ አብዛኞቹ የሚወስዱት ከ30 እስከ 60 ዋት ነው፤ የእንጀራ ምጣዳችሁ ግን ከ3,000 ዋት በላይ ይበላል። የሚያስጨንቀው መለዋወጫው ነው። የሄፓው ክርታስ በውሃ አይታጠብም፤ በስድስት ወር፣ ቢበዛ በዓመት ይለወጣል፣ በእኛ አቧራ ደግሞ ቶሎ ይደርሳል። ስለዚህ መለዋወጫው የማይገኝ ማሽን ከመግዛት አለመግዛት ይሻላል። ሲገዛ የሁለት ዓመት ክርታስ አብሮ ይገዛ።

ቀን ቀን መስኮት መክፈቻው ሰዓት መኪናው ጋብ የሚልበት ነው፤ ጠዋትና ማታ መንገዱ ሲጨናነቅ ዝጉት። በበጋ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ የከተማው ጭስ ወደ ላይ አይወጣም፣ ንጋት ላይ መሬት ለመሬት ተኝቶ ይጠብቃል። አባትሽ የእግር መንገድ የሚያዘወትሩ ከሆነ ፀሐይ ሞቅ ካለች በኋላ፣ ከቀለበት መንገዱ በራቀ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ይሁን። ኅዳር 12ን ደግሞ ከአሁኑ መዝግቢልኝ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ካለፈ ወዲህ «ኅዳር ሲታጠን» እየተባለ በየደጁ ቆሻሻ ይቃጠላል። በሽታን ለማባረር የተጀመረው ልማድ ዛሬ ፕላስቲክና ጎማ እየተጨመረበት ከተማውን ሙሉ ጭስ ያለብሰዋል። በዚያ ቀን አባትሽም እናትሽም ደጅ አይውጡ፤ ማጣሪያው ካለ ከጠዋት ጀምሮ ይሥራ። የእናንተ ደጅ ላይ የሚቃጠለውንም አስቀሩት፤ ቆሻሻው ለሰብሳቢዎቹ ይሰጥ።

እንግዲህ ለወንድምሽ የምትጽፊለት ይህ ነው። ሊልክ ካሰበው ገንዘብ በመጀመሪያ ጥሩ ባለ ሁለት ዓይን የኤሌክትሪክ ምድጃና ለመብራት መጥፊያ የሚሆን የሲሊንደር ጋዝ ይገዛ። ቀጥሎ ማድ ቤቱ ከሳሎኑ የሚገናኝበት በር በደንብ የሚዘጋ ይሁን፤ በውጭው ግድግዳ ከፍ ብሎ መስኮት ይውጣለት፣ ቢቻል አየር ማስወጫ ማራገቢያ ይገጠምበት። ይህ አንድ ግንበኛና አንድ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ በጥቂት ቀናት የሚጨርሱት ሥራ ነው። ማጣሪያው ሦስተኛ ይምጣ። ከቻለ የግፊት መለኪያም ይጨምር፤ በክንድ ላይ የሚታሰረው ከአንጓው የተሻለ ነው። ለውጡን ከመጀመራችሁ በፊት ለአንድ ሳምንት፣ ከጀመራችሁ በኋላም ለአንድ ሳምንት፣ ጠዋትና ማታ አምስት ደቂቃ ተቀምጠው ካረፉ በኋላ የሁለቱንም ግፊት ለኪና በደብተር ጻፊ። አባትሽ በሚቀጥለው ቀጠሮ ደብተሩን ይዘው ይሂዱ፤ ስለ መድኃኒቱ መጠን ማውራት ከፈለጉ ከሐኪማቸው ጋር በዚያ ላይ ተመሥርተው ያውሩ። እናትሽም አብረው ይሂዱና የራሳቸውን ካርድ ያውጡ።